«አካል ተሰጥቶሃል፣ እልህ ግን አልተሰጠህም»

የጠያቂው ደብዳቤ

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ98 ሲሆን በአንድ የወጣቶች ቡድን ውስጥ ቅርጫት ኳስ መጫወት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ብዙ ሳልደክም እዘላለሁ፤ ሌሎች በወራት የሚለምዱትን እንቅስቃሴ እኔ በጥቂት ቀናት እይዘዋለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ለጉራ ሳይሆን ችግሬ የሚጀምረው ከዚሁ ስለሆነ ነው።

በዚሁ ቡድን ውስጥ የልጅነት ጓደኛዬ አብሮኝ ይጫወታል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ነው፤ ኳስ አቀባያችንም እርሱ ነው። ልምምድ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ሲወረውር ይቆያል፤ ስንሸነፍ ደግሞ ለሁለት ቀን ሰው አያናግርም። እኔ ልምምድ ሲያልቅ ቦርሳዬን አንስቼ እሄዳለሁ። ሽንፈት ቢከፋኝም ማታ ተኝቼ አድራለሁ።

ባለፈው ወር ለፍጻሜ ለማለፍ ባደረግነው ጨዋታ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። የጎዳን የተጋጣሚያችን 7 ቁጥር ነበር። ልጁ ቆም ብሎ ከመወርወሩ በፊት ሁልጊዜ ኳሷን በግራ እጁ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ያነጥራታል፤ ይህንን በሁለተኛው ሩብ ላይ አይቼ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃም ልክ እንደዚያው እያደረገ በጓደኛዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስቆጠረ። በመልበሻ ክፍል ውስጥ ጓደኛዬ ፎጣ በራሱ ላይ ጥሎ ሲያለቅስ፣ እኔ የጫማዬን ክር እየፈታሁ አጠገቤ ከተቀመጠው ልጅ ጋር በሆነ ነገር ሳቅሁ። በምን እንደሳቅሁ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። በሩ ላይ የቆመው አሰልጣኛችን አየኝና በሁሉም ፊት «አንተ አካል ተሰጥቶሃል፣ እልህ ግን አልተሰጠህም። የእርሱ ልብ በአንተ አካል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንሸነፍም ነበር» አለኝ። ጓደኛዬ ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አየኝ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዟል።

ታላላቆቹን ተጫዋቾች ታላቅ ያደረጋቸው የተፈጥሮ ችሎታ ሳይሆን የፉክክር መንፈስ ነው ሲባል ሁልጊዜ እሰማለሁ። ነገሩ እውነት ከሆነ የሌለኝን እልህ ከየት ላምጣው? ሰሞኑን በልምምድ ላይ ሆን ብዬ መጮህና ኳስ ከመሬት ጋር ማላተም ጀምሬ ነበር፤ ግን ራሴን ታዘብኩት። ጨዋታውን እወደዋለሁ። ቦታውን ለሚገባው ሰው ልልቀቅ ወይስ ምን ላድርግ?

ሳቄ ያስወቀሰኝ ነኝ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ፣ እንደ አንተው ሁሉ፣ ልቤ የቀረው በአሰልጣኝህ ንግግር ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ግን አንተ እንደ ዋዛ ባለፍካት አንዲት ነገር ላይ ቆምኩ፤ ወደ እርሷ ኋላ እመለሳለሁ። በሰው ፊት፣ ያውም በልጅነት ጓደኛህ ፊት፣ «ይህ ይጎድልሃል» መባል ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ እረዳለሁ። ምላሽ ከመስጠት ይልቅ ዝም ብለህ ወር ሙሉ ማሰላሰልህም ነገሩ እንደነካህ ይነግረኛል።

ከሳቁ እንጀምር። ረጅም ውጥረት ሲረግብ የሰው ሁኔታ እንደየባሕርይው ነው፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፣ አንዱ ደግሞ በማይረባ ነገር ይስቃል። ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ ጋር ከ1999 እስከ 2014 ድረስ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አምስት ጊዜ የኤንቢኤን፣ ማለትም የአሜሪካን ዋና የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ዋንጫ ያነሳው ቲም ደንከን በሜዳ ላይ ፊቱ እምብዛም የማይለዋወጥ፣ ድምፁም የማይሰማ ሰው ነበር። በኤፕሪል 2007 ከዳላስ ጋር በተደረገ ጨዋታ ላይ በተቀያሪዎች ወንበር ተቀምጦ ሲስቅ ያየው ዳኛ ከጨዋታው አስወጣው። ሊጉ በኋላ ዳኛውን ለቀሪው የውድድር ዘመን ያገደው ሲሆን፣ ደንከንንም ለዳኛው ተናገረው በተባለው ቃል በገንዘብ ቀጣው። ከሁለት ወር በኋላ ዋንጫውን ያነሱት እነዚሁ ስፐርሶች፣ ደንከንም አብሯቸው ነበር። በሳቅ መቀጣት በአንተ አልተጀመረም ማለት ነው፤ ሳቅም የግዴለሽነት ማስረጃ ተደርጎ አይቀርብም። ይሁን እንጂ የአንተ ሳቅ በውስጥህ ምንም ትርጉም ባይኖረው እንኳ ፎጣ ለተከናነበው ጓደኛህ ትርጉም ነበረው። ለአሰልጣኝህ ይቅርታ የምትጠይቅበት ነገር ላይኖርህ ይችላል፤ ለጓደኛህ ግን አንዲት ቃል ያለብህ ይመስለኛል።

አሰልጣኝህ የተናገረው ነገር አዲስ አይደለም። «ልብ የእርሱ፣ አካል የዚያኛው» የሚለው ክርክር ቅርጫት ኳስን ለስድሳ ዓመት ያህል ሲያነታርክ የኖረ ሲሆን፣ የተጀመረውም በኤንቢኤ ተቀናቃኝ በነበሩት በዊልት ቻምበርሌንና በቢል ራስል ነው ማለት ይቻላል። ቻምበርሌን 2 ሜትር ከ16 የሚረዝም፣ በማርች 2 ቀን 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረ፣ በዚያ የውድድር ዘመንም በአማካይ 50.4 ነጥብ ያስመዘገበ ተጫዋች ነው። ዋንጫ ሲቆጠር ግን እርሱ ሁለት ሲኖረው ራስል በ13 የውድድር ዘመናት 11 አለው። ከዚህ የተነሳ ሕዝቡ አካሉን ለቻምበርሌን፣ ልቡን ለራስል አከፋፍሎ አረፈ። ክፍፍሉ ለወሬ ይመቻል፤ ነገር ግን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው አይጸናም። ልብ አለው የተባለው ራስል በዩኒቨርሲቲ ዘመኑ በከፍታ ዝላይ ከዓለም ምርጦች ጋር የሚሰለፍ ስፖርተኛ ነበር፤ ቡድኑ ቦስተን ሴልቲክስም በዙሪያው ታላላቅ ተጫዋቾችን አሰልፎለት ነበር። ልብ የለውም የተባለው ቻምበርሌን ደግሞ አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት ጭማሪ ሰዓቶች ተደምረው በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫውቷል፤ በሌላ አነጋገር ወንበር ላይ አልተቀመጠም ማለት ይቻላል። ለዋንጫ ኳስ ማቀበል ያስፈልጋል ሲባልም በ1967–68 የውድድር ዘመን በድምር ብዛት ከሊጉ ሁሉ በላይ ለግብ የሆኑ ኳሶችን አቀብሏል። ለጎልያድ የሚደግፍ የለም የሚለው ንግግሩ እስከ ዛሬ የሚጠቀስለትም ያለ ምክንያት አይደለም። ተፈጥሮ ያደለችው ሰው ሲያሸንፍ «ምን ይደንቃል» ይባላል፤ ሲሸነፍ ደግሞ «አልፈለገም» ይባላል። አንተም በመልበሻ ክፍሉ ውስጥ የቀመስከው ይህንኑ ይመስለኛል።

ማይክል ጆርዳንን እንዳልዘለልኩት አትታዘበኝ። እልኸኛነትን በተመለከተ ከእርሱ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። በ1993 የዋሽንግተኑ ላብራድፎርድ ስሚዝ በጆርዳን ቡድን በቺካጎ ላይ 37 ነጥብ ያስቆጠረ ዕለት፣ ጆርዳን «ጥሩ ተጫውተሃል ማይክ» ብሎ አሾፈብኝ በማለት በማግስቱ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 36፣ በጠቅላላው 47 ነጥብ አስቆጠረ። በኋላ እንደታወቀው ስሚዝ እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ አልተናገረም፤ ጆርዳን ስድቡን የፈጠረው ራሱ ነበር። ይህ ሰው የሚቆጣበት ሲያጣ ቁጣውን በእጁ ይሠራ ነበር ማለት ነው። በ1978 በትምህርት ቤቱ ዋናው ቡድን ውስጥ ሳይካተት ቀርቶ በእርሱ ምትክ እጅግ የሚረዝመው እኩያው ሌሮይ ስሚዝ መመረጡን በ2009 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ ሲገባ ባደረገው ንግግር ላይ እንኳ አልተወውም፤ ሌሮይንም በእንግድነት ጋብዞት ነበር። ይህ ታሪክ ሲተረክ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዘነጋል። ያኔ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78 ገደማ የነበረው ልጅ ኋላ 1 ሜትር ከ98 ደርሷል። ሃያውን ሳንቲ ሜትር እልህ አላበቀለውም። በተቃራኒውም ያው የአንተ ቁመት ያላቸው፣ የሚዘሉም፣ የሚቆጡም ብዙዎች ጆርዳንን አልሆኑም። ስለዚህ «ችሎታ ሳይሆን የፉክክር መንፈስ ነው» የሚለው አባባል፣ አካሉም መንፈሱም ያላቸውን ጥቂት ሰዎች ብቻ እያየን ከሁለቱ አንዱን የምንሸልምበት አነጋገር ነው። ደግሞም ያ እልህ ዋጋ ነበረው፤ በ1995 ጆርዳን በልምምድ ላይ የገዛ ባልደረባውን ስቲቭ ከርን በቡጢ መትቶ ከልምምዱ ተባሯል፤ በኋላም ደውሎ ይቅርታ ጠይቆታል። አንተ ኳስ ከመሬት ስታላትም ራስህን መታዘብህ አያስገርምም። ያ የእርሱ ባሕርይ ነበር፤ የአንተ ግን ሰው እንዲያይልህ የለበስከው ነው።

በቋንቋችን ለዚህ ነገር ያለን ቃል አንድ ብቻ አለመሆኑን ልብ ብለህ ታውቃለህ? እልህ የምንለው ፊት ለፊቱ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያሳየው፣ የሚበቀለው፣ አፉን የሚያስዘጋው ሰው። ቁጭት ግን ለብቻም ይሆናል፤ «ያቺን ኳስ እንዴት አመለጠችኝ» ብሎ ጣሪያ እያዩ መተኛት ቁጭት ነው። በእኔ ግምት ሰው ሁሉ ታላላቆቹን የሚለካቸው በእልሃቸው ነው፤ ምክንያቱም እልህ ከሩቅ ይታያል። ኒኮላ ዮኪች ብዙ አይዘልም፣ ፈጣንም አይደለም። በ2014 ለኤንቢኤ የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነው፤ እስካሁንም ሦስት ጊዜ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል። በ2023 ዋንጫውን ባነሳበት ምሽት የተናገረው «ሥራው ተጠናቋል፣ አሁን ወደ ቤት መሄድ እንችላለን» የሚል ነበር። በዚያች ሰዓት አሰልጣኝህ በሩ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይለው ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሆኖም ይኸው ሰው ጨዋታ ካለቀ በኋላ፣ ሌላው ሲለብስ፣ ክብደት ወደሚያነሳበት ክፍል የመሄድ ልማድ እንዳለው ይታወቃል። እንግዲህ ቁጭቱ ፊቱ ላይ ባይታይም ልማዱ ውስጥ ይታያል።

አሁን እንደ ዋዛ ወዳለፍካት ነገር ልመለስ። የተጋጣሚያችሁ 7 ቁጥር ከመወርወሩ በፊት ኳሷን በግራ እጁ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ እንደሚያነጥራት በሁለተኛው ሩብ አይተሃል። አሥር ሰዎች በሚተራመሱበት ሜዳ ላይ፣ አንተ የማትጠብቀውን ተጫዋች የእጅ ልማድ ለይቶ ማየትና ከወር በኋላም ሳይረሱ መጻፍ የግዴለሽ ሰው ሥራ አይደለም። ለመርታት የሚፈልግ ዓይን ነው ያንን ያየው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ ለጓደኛህ አልነገርከውም። ለምን ይመስልሃል? ትልቅ ነገር ስላልመሰለህ ነው? ወይስ ያን ያህል የሚደክመውን ልጅ «እንዲህ አድርግ» ለማለት ድፍረት አጣህ? ወይስ ብትናገር ከዚያ በኋላ የሚጠበቅብህ ይበዛል ብለህ ፈርተህ ይሆን? መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስህ ስጠው፤ ሳታቻኩለው። ከሦስቱ የመጨረሻው ከሆነ ግን የጎደለህ እልህ ሳይሆን በችሎታህ ልክ ለመጠየቅ ፈቃደኛ መሆን ነው፤ ይህ ደግሞ ይለመዳል።

አሰልጣኝህ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ ላስደስትህ አልፈልግም። ሌሎች በወራት የሚለምዱትን በቀናት የሚይዝ ሰው አንድ የተደበቀ ጉዳት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ የማይሳካለትን ነገር ይዞ መቆየትን አይማርም። ጓደኛህ ይህንን በየማታው ይማራል፤ አንተ ግን የሚከብድህ ነገር ሲመጣ ወደሚቀልህ ዞር ማለት ትችላለህ። ስለዚህ ልጠይቅህ፤ በጨዋታው ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ያልተሳካልህ ነገር ምንድን ነው? ግራ እጅህ ነው? ነጻ ውርወራ ነው? በዚህ ላይ እንደገና ቻምበርሌን ትዝ ይለኛል። ነጻ ውርወራ በሕይወቱ ሙሉ አስቸግሮታል፤ በጠቅላላው ያገባው ከመቶ 51 ያህሉን ብቻ ነው። 100 ነጥብ ባስቆጠረበት ምሽት ግን ከ32 ነጻ ውርወራ 28ቱን አግብቷል፤ ያኔ የሚወረውረው ኳሷን በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እየላከ ነበር። ከዚያ ይህንን ስልት ተወው። ሰው ሲያየው ያሳፍራል ብሎ እንደተወው፣ ስሕተትም እንደሆነ ኋላ ራሱ አምኗል። የሚጠቅመውን ለሰው ዓይን ሲል ተወ፤ አንተ ደግሞ የማይጠቅምህን ጩኸት ለሰው ዓይን ስትል ጀመርክ። ጩኸቱን ዛሬውኑ ተወው፤ በምትኩ ያ የማይሳካልህን አንድ ነገር ምረጥና ከልምምድ በኋላ ሃያ ደቂቃ ስጠው። አንድ ሰዓት አላልኩህም፤ የጓደኛህን ልማድ መቅዳት ሌላ ማስመሰል ይሆንብሃልና። የገባውንና የሳተውን በትንሽ ደብተር መዝግብ። ለስድስት ሳምንት ያህል ከቀጠልክበት በኋላ ደብተሩን ስትገልጥ የሚሰማህ ነገር፣ «እልህ አለኝ ወይስ የለኝም» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ስለ አንተ ብዙ ይነግርሃል። ምናልባት ጨዋታውን ትወደው እንጂ ውድድሩን እንደማትፈልገው ይገለጥልህ ይሆናል፤ እርሱም ቢሆን ነውር የለበትም፤ ለደስታ ብቻ የሚጫወት ሰው ሞልቷል። ያኔ ግን ውሳኔው በመልበሻ ክፍል ውስጥ በተወረወረ ቃል ሳይሆን በራስህ መዝገብ ላይ የቆመ ይሆናል።

ቦታህን ለጓደኛህ የመልቀቁን ሐሳብ በተመለከተ፣ ፈገግ አሰኝተኸኛል። 1 ሜትር ከ74 የሆነው ኳስ አቀባይ አንተ ብትወጣ በአንተ ቦታ አይገባም፤ ቅርጫቱ ሥር ብቻውን ይቀራል እንጂ። ይልቅ አንድ ነገር አስበህ ታውቃለህ? «የእርሱ ልብ በአንተ አካል ውስጥ ቢሆን» የሚለው ንግግር የሰደበው አንተን ብቻ አልነበረም። ከሁሉም በላይ የሚለፋውን ልጅ፣ ባለቀሰባት ሰዓት፣ «ልብህ ጥሩ ነው፣ አካልህ ግን አይረባም» ብሎታል። እርሱ ይህንን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በየማታው የሚወረውረውም ምናልባት ይህንኑ ላለመስማት ይሆናል። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ ሲያይህ ዓይኑ ውስጥ የነበረው ነገር በአንተ ላይ የተቆጣ ሰው ስሜት ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ነህ?

ዝምታው እንዳይረዝም እፈራለሁ። ራስልና ቻምበርሌን ወዳጆች ነበሩ፤ በምስጋና ቀን በዓል ራስል ቻምበርሌን ቤት ይበላ ነበር። በ1969 ከራስል ቡድን ጋር በተደረገው የመጨረሻ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ቻምበርሌን ጉልበቱን ተጎድቶ ወጣ፤ ልመለስ ቢልም አሰልጣኙ አልፈቀደለትም፤ ቡድኑም እንደ እናንተው በሁለት ነጥብ፣ 108 ለ106 ተሸነፈ። ራስል በኋላ በአደባባይ «ያ ጉዳት የሚያስወጣ አልነበረም» የሚል ነቀፋ ሰነዘረ። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ሳይነጋገሩ ቆዩ። ራስል ይቅርታ ጠይቆ ታረቁ፤ በ1999 ቻምበርሌን ሲያርፍም በመታሰቢያው ላይ ቆሞ ተናገረለት። እናንተ ገና አንድ ወራችሁ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ከልምምድ በኋላ እርሱ ብቻውን በሚወረውርበት ሰዓት፣ ቦርሳህን አስቀምጠህ ከቅርጫቱ ሥር ቁምና የሚስታቸውን ኳሶች መልስለት። መጀመሪያ ምንም አትናገር። ትንፋሽ ሲያገኝ፣ ስለ ሳቅህ ማብራሪያ ሳትደረድር፣ «የዚያን ዕለት ስታለቅስ አጠገብህ መሆን ነበረብኝ፣ ይቅርታ» በለው። አሰልጣኙ ስለ እርሱ የተናገረው ነገርም ትክክል እንዳልመሰለህ ንገረው። ዝም ቢልህ ኳስ መመለስህን አታቋርጥ። አሰልጣኝህን ደግሞ ጨዋታ በሌለበት ቀን አሥር ደቂቃ ጠይቀው፤ ለመከራከር ሳይሆን «እልህ ሲሉ ሜዳ ላይ ምን ሳደርግ ማየት ይፈልጋሉ?» ብለህ ለመጠየቅ። «ከመከላከል ስትመለስ ቶሎ ሩጥ» ወይም «ለጓደኞችህ ተናገር» ካለህ የሚሠራ ነገር ይዘህ ትወጣለህ። «ፊትህ ላይ ማየት እፈልጋለሁ» ካለህ ግን ፊትህን መቀየር እንደማትችል በአክብሮት ንገረውና ሥራህን እንዲያይልህ ለምነው።

ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ከጓደኛህ ጋር ነገሩ ሲረግብ፣ ስለ 7 ቁጥሩ ንገረው። ከዚያ ቡድን ጋር እንደገና መገናኘታችሁ አይቀርም። ያቺ የግራ እጅ ማንጠር ስትመጣ እጁን ቀድሞ እንዲያነሳ አሳየው፤ አንተ እንደ 7 ቁጥሩ ሆነህ፣ እርሱ እየተከላከለህ ደጋግማችሁ ሞክሯት። ምን እንዳለህ ጻፍልኝ።